ሒሳቡም መዝገቡም በእርሳቸው እጅ ነበር፦ የአንድ ደራሲና የጥበብ አደራጅ ጉዳይ ከሰሜን ሸዋ

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ከቀብር መልስ፣ በድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየታደለ ሳለ፣ ከጽሑፍ ክበባችን አባላት አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «መዝገቦቹ የት ናቸው?» አለችኝ። ተቆጣኋት። በለቅሶ ቤት የሚጠየቅ ነገር አልመሰለኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ ከበደኝ። የብዙ ሰው ግጥምና አጭር ልብ ወለድ፣ የክበቡ ገንዘብ፣ የሟቹ የራሳቸው ያላለቀ ሥራ የት እንዳለ በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም አላውቅም ነበር፤ የክበቡ ጸሐፊ ተብዬ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ።

ይህ ጽሑፍ በደብረ ብርሃን የኖሩ አንድ ደራሲና የጥበብ አደራጅ ምን እንደ ሠሩ፣ ካረፉም በኋላ ምን እንደ ገጠመን ይመዘግባል። ስም አልጠራሁም፤ ቤተሰቡን የሚያስለዩ ጥቃቅን ነገሮችንም ትቻለሁ። ሰውየውን እወዳቸው ነበር። ይሁን እንጂ ውዳሴው በሙት ዓመታቸው በበቂ ተነግሯል፤ እዚህ የምጽፈው በዚያ ቀን ያልተነገረውን ነው።

ሰውየውና አገሩ

መምህሩ የመንዝ ልጅ ናቸው። እናታቸው የበግ ጠጉር ይፈትሉ፣ አባታቸው ከጠጉሩ ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ ይሸምኑ ነበር። በቆሎ ተማሪነት ጀምረው ቅኔ ቤት ገብተዋል። ከቅኔው ደረጃዎች ጉባኤ ቃናውን፣ ዘአምላኪየውን አልፈው መወድስ ሳይደርሱ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተሻገሩ፤ ይህንንም እስከ መጨረሻው እንዳልተከፈለ ዕዳ ይቆጥሩት ነበር። መምህርነት ሠልጥነው ደብረ ብርሃን ላይ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖሩ። በራሳቸው ወጪ አንድ የግጥም መድበል አሳትመዋል። አጫጭር ልብ ወለዶች ነበሯቸው፤ አንድ ረጅም ልብ ወለድም ጀምረው ነበር። ወደዚህኛው እመለሳለሁ።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደሴ መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ብርዷ የታወቀ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ራሳቸው ደራሲ ነበሩ፤ መምህሩ ይህን ለእንግዳ ሁሉ ሳይነግሩ አያድሩም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከመርሐቤቴ፣ ከበደ ሚካኤል ከመንዝ፣ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ከአንኮበር መውጣታቸውንም ያክሉበታል። ቀጥለው ደግሞ «ሁሉም ሄዱ» ይላሉ። «አገራችን ደራሲ ያበቅላል፤ አያከርምም።»

ክበቡን የመሠረቱት በዚህች ዐረፍተ ነገር ምክንያት ነው ብል አላጋነንሁም።

ችግሩ

በከተማዋ የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። በየትምህርት ቤቱ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ግጥም የሚያነብ ልጅ አለ፤ በየሠርጉ፣ በየምርቃቱ የሚገጥም አለ። የጎደለው የሚሰማ ሰው ነበር። ግጥም ከተነበበ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ይከተላል፦ ጭብጨባና «እጅህ ይባረክ»። ሦስተኛ ነገር የሚናገር ሰው ቀናተኛ ይባላል። ልጁ ሃያ ግጥም ጽፎ ሃያ ጊዜ ይመረቃል፤ ሃያ አንደኛውም ከመጀመሪያው አይሻልም። ከዚያ ወይ ይተወዋል፣ ወይ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ይሳፈራል።

መምህሩ ከቅኔ ቤት የመጡ ስለሆኑ ይህ ያሳፍራቸው ነበር። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ቆጥሮ፣ ማለትም አዘጋጅቶ፣ ሲያበቃ ለመምህሩ ቀርቦ ያሰማል፤ ይህ ነገራ ይባላል። መምህሩ ይሰማል፣ የተሰበረውን ያቃናል፣ የማይረባውን ይጥላል። ለተማሪው ማንም አያጨበጭብለትም።

የመጀመሪያው ሙከራ፣ ያልተሳካው

ክበቡ ሲጀመር በአዲስ አበባ የሚካሄደውን የግጥም በጃዝ ምሽት አይተው ተደስተው ተመልሰው ነበርና እርሱኑ እዚህ ለመድገም ሞከሩ። የአንድ ሆቴል አዳራሽ ተከራዩ፤ አንድ ጊታር ተጫዋች ከሸዋ ሮቢት አስመጡ፤ ሰዓቱን ማታ 12 አደረጉት። በመጀመሪያው ወር አርባ ያህል ሰው መጣ። በሦስተኛው ወር ዘጠኝ ቀረን፤ ከዘጠኙ ሁለቱ አስተናጋጆች ነበሩ።

ያኔ ሁላችንም ጥፋቱን በሕዝቡ ላይ ጣልን፤ ንባብ አይወድም፣ ጥበብ አይገባውም አልን። እርሳቸው ግን ደብተር ይዘው፣ መጥተው የቀሩትን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞሩ ለምን እንደ ቀሩ ጠየቁ። መልሱ ከጥበብ ጋር አይገናኝም ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ ማታ ውርጭ ይጥላል። ተከራይተው የሚኖሩ ሴቶች ተማሪዎች አከራዮቻቸው በር የሚዘጉት በጊዜ ነው። ከዙሪያው ወረዳ የሚመጣ ሰው ማደሪያ የለውም። ሆቴሉ ደግሞ ቢያንስ አንድ ለስላሳ ያስገድዳል። አንድ ሸማኔ «ጋሼ፣ እኔ ግጥም እወዳለሁ፤ ግን ጋቢዬን ለብሼ እዚያ ሆቴል ስገባ ዘበኛው ያየኛል» አላቸው። ይህችን መልስ ሁለት ጊዜ አስምረውባታል።

ይህን ጥየቃ ከሁሉም ሥራቸው አስበልጬ አያለሁ። አደራጅ ነኝ የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ። ስለ ቀረ ሰው ተመራምሮ የቀረውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ የጠየቀ ግን ሌላ አላየሁም።

የተለወጠው

ስብሰባው ከማታ ወደ ቀትር በኋላ፣ 8 ሰዓት ተዛወረ። ቀኑ የገበያ ቀን ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከገጠር የሚመጣው መምህርም፣ ዲያቆንም፣ ሸማኔም የዚያን ቀን ከተማ ውስጥ ነው። ቦታው ጠባሴ አካባቢ የሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ሆነ። ባለቤቲቱ የኪራይ ገንዘብ አልጠየቁም፤ ሁሉም ሻዩን ይግዛ፣ ወንበሩን ሲወጣ ይመልስ አሉ። በኋላ የክበቡን መዋጮ የሚሰበስቡት፣ በራሳቸው ደብተር የሚመዘግቡትም እርሳቸው ሆኑ። ይህ ደብተር ኋላ ምን ያህል እንደሚያወጣን ያን ጊዜ ማን ያውቃል።

ሁለተኛው ለውጥ የንባቡ ሥርዓት ነው። መምህሩ ነገራን ከቅኔ ቤት አውጥተው ሻይ ቤት አስገቡት። ባለጽሑፉ ሁለት ጊዜ ያነባል። ከዚያ ዝም ይላል፤ ሌሎች ተናግረው እስኪጨርሱ አንዲት ቃል አይተነፍስም፣ አያብራራም፣ አይከራከርም። ተቺው ደግሞ «ጥሩ ነው» ወይም «አልወደድሁትም» ማለት አይፈቀድለትም፤ አንድ ስንኝ ወይም አንድ ዐረፍተ ነገር ጠርቶ በእርሱ ላይ ይናገራል። የተባለው ነገር በሙሉ በመዝገብ ይጻፋል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። አንድ ወጣት በመካከል ወረቀቱን አጥፎ ወጥቶ ለአንድ ዓመት ጠፋ። ነገር ግን አንድ ቀን የሆነውን ልንገር። አንዲት ተማሪ ስለ እናቷ ግጥም አነበበች፤ እናቷ ሌሊት ጠጉር ሲፈትሉ «እንዝርቱ ይዘፍናል» ትላለች። ሁላችንም ወደድነው። ያ ጋቢ ለባሹ ሸማኔ እጁን አወጣና «እንዝርት አይዘፍንም» አለ። «ዘፈን ከሩቅ ይሰማል። እንዝርት ያንሾካሽካል፤ አጠገቡ ያልተኛ አይሰማውም።» ልጅቱ በሥርዓቱ መሠረት ዝም አለች። በሚቀጥለው ወር ይዛ የመጣችው ግጥም ስለ እንዝርት ድምፅ ሳይሆን ከእናቷ አጠገብ ስለ መተኛት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሸማኔውን ማንም ጋቢውን አይቶ አልለካውም።

ሦስተኛው መዝገቡ ነው። ማንበብ የሚፈልግ ሰው ጽሑፉን በራሱ እጅ ጽሕፈት፣ ቀን ጨምሮ፣ በክበቡ መዝገብ ላይ ይገለብጣል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ጎን ላይ አስተያየት ይጽፋሉ። በጊዜው አሥራ አራት መዝገብ ሞላ።

አራተኛው የክረምት ዕረፍት ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ክበቡ ይዘጋል። ብዙዎቻችን ተቃወምን፤ የቀዘቀዘ ነገር አይሞቅም አልን። እርሳቸው የመንዝ ሰው ናቸውና በመንዝ ያለውን የጓሳን የሣር ምድር ምሳሌ አድርገው አመጡ። የጓሳ ሣር የቆየው ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ከልሎ፣ ለዓመታት ዘግቶ፣ በስምምነት በተቆረጠ ቀን ስለሚከፍተው ነው፤ በየዓመቱ ቢታጨድ ኖሮ ዛሬ ባዶ መሬት ነበር። «ሰውም እንደዚያው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚታጨድ ጸሐፊ የለም» አሉ። ትክክል ነበሩ። የመስከረም መጨረሻ ንባቦች ከዓመቱ ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። ይህን ደንብ ለራሳቸው ግን ሥራ ላይ አላዋሉትም፤ ክረምቱን የሚያሳልፉት የሌሎችን ረቂቅ በማረም ነበር።

ያልሠራው

ሁለት ትልልቅ ስሕተቶች ሠርተናል። ሁለቱም ከመስፋፋት ፍላጎት የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው የታዘዘ ግጥም ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ በዓል አሥር ግጥም በሁለት ሳምንት እንድናቀርብ ጠየቀ። በምትኩ በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ እንድንጠቀም ይፈቀድልናል፤ ድምፅ ማጉያም ይሰጠናል። መምህሩ ተስማሙ። አባላቱ ጻፉ፤ ርእሱ አስቀድሞ ተሰጥቷል፤ አንድ ኃላፊም ከበዓሉ በፊት በነበረው ቀን ስንኞች ሰረዘ። በበዓሉ ቀን ጭብጨባው እንደ ዝናብ ወረደ። በሚቀጥለው ወር ግን ከጠንካሮቹ ጸሐፊዎቻችን ሦስቱ ቀሩ። አንደኛው ሲጠየቅ «የእኛ ሥርዓት ስንኝ ሲሰረዝ ምክንያት ይነገራል፤ እዚያ አልተነገረም» አለ። መምህሩ በክበቡ ፊት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። ሁለቱ ተመለሱ።

አዳራሹን ሁለት ዓመት ተጠቀምንበት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲዘልቅና ከተማዋ በተፈናቃዮች ስትሞላ የእርዳታ ማከማቻ ሆነ። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ዱቄት ከግጥም ይቀድማል። ከመኪና ላይ ያወረዱትም ብዙዎቹ አባሎቻችን ነበሩ። ወደ ሻይ ቤቱ ስንመለስ ባለቤቲቱ «እኔ እኮ ወንበሮቹን አልሸጥኋቸውም» ብለው ተቀበሉን።

ሁለተኛው ስሕተት መጽሐፉ ነው። የአባላቱን ሥራዎች አንድ መድበል አድርገን አዲስ አበባ በሚገኝ ማተሚያ ቤት 1,000 ቅጂ አሳተምን። የወረቀት ዋጋ በመካከል ጨመረ፤ ልዩነቱን መምህሩ ከደመወዛቸውና ከብድር ሸፈኑ። መጽሐፍ አከፋፋዮች የሚጠይቁትን ቅናሽ አስቀድመን አላሰብንም ነበር። ስሙ ያልታወቀ የሃያ ሰው መድበል ማን ይገዛል? የገዛው የሃያው ሰው ዘመድ ነው። ከሦስት መቶ ብዙም ያልዘለለ ተሸጠ። የቀረው በመምህሩ ሳሎን በካርቶን ተደርድሮ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ለእንግዳ መቀመጫ ሆነ። እኔ ራሴ በላዩ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ቡና ጠጥቻለሁ።

ከዚህ በኋላ ያገኘነው መፍትሔ ትንሽና ርካሽ ነው። አራት ወረቀት በሁለቱም ገጽ ታትሞ ከመካከል ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል። በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሃምሳ ሃምሳ እያባዛን፣ በወፍራም ክር ከወገቡ እየሰፋን፣ በገበያ ቀን ሸጥን። አንድ ቡክሌት የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ይይዛል። ሲያልቅ ይደገማል፤ ካላለቀ የሚቀረው አንድ ክንድ የማይሞላ ወረቀት ነው። ዕዳ የለም። ጸሐፊው ራሱ ይሸጣል፤ የገዛው ሰው በሚቀጥለው ገበያ መጥቶ ያወራዋል። ይህ ለእኛ ከመድበሉ የበለጠ አንባቢ አምጥቷል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ስብሰባ ሲያስቆም በቴሌግራም ድምፅ እየቀዳን ለመቀጠል ሞክረን ነበር። ለከተማው ልጆች ሠራ። ለሸማኔውና ለገጠር መምህራኑ አልሠራም። ብዙ የምለው የለኝም።

ዋጋው

ስለ መምህሩ የራሳቸው ጽሑፍ ስናገር እጠነቀቃለሁ፤ የማላውቀውን የማውቅ መምሰል አልፈልግም። የማውቀው ይህን ነው፦ ክበቡን ሲጀምሩ የረጅም ልብ ወለዳቸውን አንድ ሦስተኛ ጨርሻለሁ ይሉ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላም አንድ ሦስተኛ ጨርሻለሁ ይሉ ነበር። በአሥራ አራቱ መዝገቦች ውስጥ ቀይ እስክሪብቷቸው ያልነካው ገጽ ጥቂት ነው። የልብ ወለዱ ረቂቅ ግን 61ኛው ገጽ ላይ ቆሟል።

ባለቤታቸው ነገሩን ከሁላችንም አሳጥረው ተናግረውታል። «የሰው ልጅ ሁሉ ክርስትና ሲያነሡ የራሳቸው ልጅ ሳይጠመቅ ቀረ።»

እኛስ? እኛ ይህን አላየንም አልልም። አይተናል፤ ተመችቶናል። ረቂቃችንን በማንኛውም ሰዓት ይዘን በራቸውን አንኳኩተናል፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሄድሁበትን ቀን አስታውሳለሁ። ክበቡን ለመምራት ተራ እንዲገባ አንድ ጊዜ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሁላችንም ባንድ ድምፅ «ከእርስዎ በቀር ማን አለ?» አልናቸው። አክብሮት ይመስል ነበር፤ ስንፍና ነው።

ካረፉ በኋላ

ድንገት ነበር፤ ከታመሙ ሳምንት አልሞላም። ሦስት ቋጠሮ ገጠመን።

ገንዘቡ የመጀመሪያው ነው። ክበቡ ሕጋዊ ምዝገባ ስላልነበረው ባንክ በክበቡ ስም ሒሳብ አልከፈተልንም፤ ስለዚህ ገንዘቡ በመምህሩ የግል ስም ይቀመጥ ነበር። አርባ ሁለት ሺሕ ብር ገደማ ነው። ባለሒሳቡ ሲያርፍ ባንኩ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ካልመጣለት አይነካውም፤ ልክም ነው። አንድ ወንድማቸው ደግሞ «በወንድሜ ስም ያለ ገንዘብ የወንድሜ ነው» አሉ። በእርሳቸው አልፈርድም፤ ስለ ክበቡ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ በወረቀት የሚታየውም ይኸው ነው።

ያዳነን የሻይ ቤቱ ባለቤት ደብተር ነው። ማን መቼ ስንት ብር እንዳዋጣ፣ ገንዘቡ በየትኛው ቀን ለመምህሩ እንደ ተሰጠ፣ ከጎኑ የመምህሩ ፊርማ አለ። የባንኩ የተቀማጭ ቀኖች ከደብተሩ ጋር ገጠሙ። ሁለት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታቸው ተቀምጠው ነገሩን ሰሙ፤ ወንድምየውም ደብተሩን ገልጠው አይተው «ይህን ቀድሞ ብታሳዩኝ ኖሮ» አሉ። ማረጋገጫው ከፍርድ ቤት ከወጣ በኋላ ባለቤታቸው ገንዘቡን አውጥተው በሽማግሌዎቹ ፊት ቆጥረው አስረከቡን። ሰባት ወር ፈጅቷል። በእነዚያ ሰባት ወራት ክበቡ አንድ ወረቀት የማባዛት አቅም አልነበረውም።

ሁለተኛው መዝገቦቹ ናቸው። አሥራ አንዱ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ፣ ከመድበሉ ካርቶኖች ጀርባ ተገኙ። ሦስቱ የሉም። መምህሩ ለሰው ያውሱ ነበር፤ ለማን እንዳዋሱ በጭንቅላታቸው እንጂ በወረቀት አልያዙትም። አንዱ ከወራት በኋላ አዲስ አበባ ከሚማር ልጅ እጅ ተገኘ። ሁለቱ እስካሁን ጠፍተዋል። የጠፋው ስንት ግጥም እንደ ሆነ ለመቁጠር እንኳ ሌላ ቅጂ የለንም። የቀሩትን አሥራ ሁለቱን ሦስት አባላት አምስት የገበያ ቀን ተቀምጠው ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አነሡ፤ ቅጂው አሁን በሦስት ሰው ቤት ተቀምጧል። ይህን ሥራ ሰውየው በሕይወት እያሉ መሥራት ይቻል ነበር። ስልክ ነበረን፤ ጊዜም ነበረን።

መዝገቦቹ ከተገኙ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። መምህሩ ሁለተኛ መድበል ሊያዘጋጁ አርባ አንድ ጸሐፊዎች መርጠው ነበር። እኛም መታሰቢያ ይሁን ብለን በጥድፊያ ልናሳትም ተነሣን። መዝገቡ የክበቡ ነውና ግጥሙም የክበቡ ነው ብለን ነበር። አንድ የሕግ ባለሙያ የሆነ አባል አስቆመን። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወረቀቱ የማንም ይሁን የማን፣ በድርሰቱ ላይ ያለው መብት የደራሲው ነው፤ ደራሲው ሲያርፍ ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል፤ የኢኮኖሚ መብቱም ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ አርባ አንዱን ሰው አንድ በአንድ መፈለግ ነበረብን። ሃያ ዘጠኙ ፈረሙ። አራቱ በጊዜው የጻፉት አሁን ያሳፍረናል ብለው እምቢ አሉ፤ መብታቸው ነው። ስምንቱን አላገኘናቸውም፤ ከእነርሱ መካከል ከአጣዬ አካባቢ ተፈናቅላ መጥታ ሁለት ወር ብቻ ያነበበች ልጅ ትገኛለች፤ ከመዝገቡ ሁሉ ምርጡ ግጥም የእርሷ ነው ብዬ አምናለሁ። አላሳተምነውም።

ሦስተኛው ልብ ወለዱ ነው። አንዳንድ አባላት ታሪኩን ብዙ ጊዜ አውርተውናልና እኛ እንጨርሰው አሉ። ባለቤታቸው በአንድ ቃል መለሱ፦ «አይሆንም።» እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ።

ለተመሳሳይ ክበቦች

ከሌሎች ከተሞች የሚጠይቁን ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስለ አዳራሽና ስለ ድጋፍ ሰጪ ነው የሚጠይቁት። እኔ አስቀድሜ የምጠይቃቸው ሒሳቡ በማን ስም እንደ ተከፈተ ነው። ምዝገባው እስኪያልቅ ድረስ ቢያንስ በሦስት ሰው የጋራ ስም፣ በሁለት ፊርማ የሚወጣ ሒሳብ መክፈት ይቻላል፤ እኛም አሁን ያደረግነው ይህን ነው። የመዋጮ ደብተሩ ገንዘቡን ከሚይዘው ሰው ሌላ በሆነ ሰው እጅ ይሁን። የእኛ በአጋጣሚ እንዲያ ሆነ፤ በዕቅድ አልነበረም።

የጽሑፍ ፈቃድ የሚወሰደው ሰውየው መዝገቡ ላይ በሚጽፍበት ዕለት ነው። አሁን ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ ሁለት መስመር አለች፤ ክበቡ በቡክሌት ቢያባዛው ይፈቅድ እንደ ሆነ ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ የሚገኝበትን ስልክ ያኖራል። ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል። ያችን ግማሽ ደቂቃ ባለመውሰዳችን ሰዎችን በመፈለግ አንድ ዓመት ፈጅተናል።

ሰዓትንና ቦታን በተመለከተ የእኛን መገልበጥ አይጠቅምም። ቆላ ላይ ያለ ክበብ 8 ሰዓት ላይ ሰው ልሰብስብ ቢል ሙቀቱ ይበትንበታል፤ ለሸዋ ሮቢት ሰው ምሽቱ ነው የሚሻለው። መገልበጥ ያለበት ጥየቃው ነው፦ የቀረውን ሰው ለምን እንደ ቀረ መጠየቅ።

ስለ አደራጁ የራሱ ጽሑፍ ምን እንደምመክር ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ተራ መግባት ጀምረናል፤ አንድ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ አይመራም። ሥራው ተበትኗል፤ ንባቡ ግን እንደ መምህሩ ጊዜ ስለት የለውም። ቀዩን እስክሪብቶ የሚይዝ አንድ ሰው ሲኖርና አምስት ሰው ሲቀባበለው ልዩነት አለው። አንዳንዶቹ አባላት ይህ ይታየናል ብለው ወደ ድሮው እንመለስ ይላሉ። እኔ የ61ኛውን ገጽ አይቻለሁና አልስማማም፤ ክርክሩ ግን አላለቀም።

አሁን ያለንበት

ሃያ ዘጠኙ ጸሐፊዎች በቡክሌት እየወጡ ነው፤ እስካሁን አሥራ አንዱ ወጥተዋል። የድሮው መድበል ካርቶኖች ከመምህሩ ሳሎን ተነሥተው ለዙሪያው ወረዳ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ተሰጥተዋል። ባለቤታቸው መቀመጫ ስላጡ ክበቡ ሁለት የዱካ ወንበር ገዛላቸው።

ባለፈው የኅዳር ስብሰባ የመምህሩ ባለቤት እትዬ ሻይ ቤቱ ድረስ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ከወደ በሩ ተቀመጡና ከነጠላቸው ሥር የልብ ወለዱን ረቂቅ አወጡ። «መጨረስ አላልኋችሁም፤ ማንበብ ግን ይቻላል» አሉ። ያቺ የእንዝርቱ ልጅ፣ አሁን መምህርት ናት፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች እንደ ደንቡ ሁለት ጊዜ አነበበች። ጥቂት ዝም አልን። ከዚያ ሸማኔው እጁን አወጣ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ስለ ገበያው የተጻፈው ረዝሟል፣ ባናውን የሚሸጠው ሰውዬም በዚያ ዋጋ አይሸጥም አለ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ረዝሟል አሉ። እትዬ አንዳች አልተናገሩም። አሥራ አምስተኛውን መዝገብ ገልጬ ቀኑን ጻፍሁ፤ ከሥሩም የተባለውን።